ጭሳችንን አትጠብቁ

የወጣሁ ዕለት በቦታው የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አያ ታከለ ከበረቱ በር ላይ፣ ሁለቱን ላሞቼን በገመድ ይዘው ቆመዋል። ባለቤታቸው ጥሩዬ ከማድ ቤቱ ደጃፍ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች። ቄስ ሞላ ከኮሶው ዛፍ ሥር ናቸው፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው ተደግፈውታል። ልጄ ዳዊት ሻንጣዬን ተሸክሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ወደ ግቢው መግባት አልፈለገም። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከቤቱ ደረጃ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ አስረስ ከታች ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካረፈ አርባ አንደኛ ቀኑ ነበር።

ሠላሳ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ማን እንደነበረና የት እንደቆመ አስቀድሜ መጻፍ ለምዶብኛል። ሌላውን ቀጥዬ እጽፈዋለሁ።

ስሜ ወርቅነሽ ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እዚያው ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አስረስ የኤሌክትሪክ ሥራ መምህር ነበር። እሱም ጡረታ ወጣና ሁለታችን ቤት ዋልን። ጎንደር የምትኖሩ ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። ውኃው ሲፈልግ ይመጣል፤ ሲመጣ ከተኛንበት ተነስተን ጀሪካን እንደረድራለን። መብራቱ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም። አስረስ ይህን መታገስ አቃተው። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣

«ሰው እስከ መቼ የሌላውን ማብሪያ ማጥፊያ ሲጠብቅ ይኖራል?» አለኝ።

እኔ ነገሩ ምሬት መሰለኝ እንጂ ውሳኔ አልመሰለኝም ነበር። ከአባቱ የወረሰው መሬት ነበረው፤ ከመካነ ብርሃን ከተማ በላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ደጋ። በዓመቱ እዚያ ቆርቆሮ ቤት ሠራን። ከጣሪያው ላይ ሶላር ገጠመ። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ታንከር ተከለ። ሁለት ላሞች ገዛንና ከበረቱ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍሮ ባዮጋዝ ሠራ፤ የላሞቹ እበት ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ጋዙ በቱቦ ማድ ቤት ይደርሳል። እንጨት የለም፣ ኩበት የለም፣ ጭስ የለም። ከተማ ሳለሁ በጭስ ያለቀሱት ዓይኖቼ እዚያ አረፉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

መንደሩ ከእኛ ማዶ ነው። በመሃከላችን ወንዝ አለ፤ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገሩታል። እዚያ ካሉት ሰዎች አንዱም መብራት ወይም ቧንቧ ኖሮት አያውቅም፤ ለኑሯቸው የተለየ ስም አልሰጡትም። እኛ ግን አዲስ ነገር እንዳገኘን ነበር የምናወራው።

የገባን ሰሞን፣ ገና ልብሴን ሳልለብስ፣ ጥሩዬ እያለከለከች ከበሩ ደረሰች።

«ምነው እመይቴ? ታመሙ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ምነው?»

«ጭስዎ ጠፋብኝ! ፀሐይ ወጥታ ከቤትዎ ጭስ የለም። ሞቱ ብዬ በባዶ እግሬ ነው የመጣሁ።»

በዚያ አገር ደንቡ ይህ ነው። ቤቶቹ ተራርቀው በየጉብታው ናቸው። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን ጣሪያ ነው። ጭስ ከወጣ ባለቤቶቹ በሕይወት አድረዋል ማለት ነው፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። ካልወጣ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ጠያቂ አይጠራም፣ መልእክት አይላክም። ጭስ ያልወጣበት ቤት ሰው ይሄድበታል፣ በቃ።

ሳቅሁና ማድ ቤት አስገብቼ ጋዙን አሳየኋት። ሰማያዊውን ነበልባል ጎንበስ ብላ አየችው። «ሸጋ ነው» አለች። በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች። «ዓይኔ አላምን አለኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን አያ ታከለም አብረዋት መጡ። አስረስ ጥርሱን እየፋቀ ወጣና በትሕትና፣ ግን ቆርጦ ነገራቸው፤

«አያ ታከለ፣ በየጠዋቱ አትልፉ። የኛ ቤት ጭስ የለውም፤ ወደፊትም አይኖረውም። ጭሳችንን አትጠብቁ።»

«እንግዲህ አንጠብቅም ጋሽ አስረስ» አሉ አያ ታከለ። ዞር እያሉ፣ «እኛ እንኳ ሰው ነው የምንጠብቅ» አሉና ሄዱ።

አስረስን አላረምኩትም። ከጀርባው ቆሜ ፈገግ ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት በእንቅልፍ ልብሴ ሰው ማየት ሰልችቶኝ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ገበያ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ቄስ ሞላ ሲያገኙን «የእናንተ ቤት ዓመቱን ሙሉ ይጾማል» እያሉ ይቀልዱብናል። ሦስት ዓመት ከማንም እሳት ሳንጭር፣ ለማንም እሳት ሳንሰጥ ኖርን።

ነሐሴ ነበር። ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል። ፀሐይ ካየን አምስት ቀን አልፎ ነበር። ባትሪው ደከመና አምፖሉ ቀልቶ ጠፋ፤ ስልኮቻችንም ተዘጉ። ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ጥቂት ገለጥ አለ። ሶላሩ ላይ ግን ሲዘንብ ያደረ በረዶ ተጋግሮበታል።

«ደመናው ሳይመለስ ልጥረገው» አለ አስረስ፤ መሰላሉን እየተከለ።

«ጣሪያው ያዳልጣል። አያ ታከለን ብንጠራስ? ወጣት ይልኩልናል።»

«በረዶ ለመጥረግ ሰው ይጠራል? መሰላሉን ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። ሲጠርግ ድምፁ ይሰማኛል። ጠርጎ ጨረሰ፤ «ይኸው» ሲል ሰማሁት። መሰላሉ አልወደቀም፣ ከእጄ አልወጣም። የወደቀው እሱ ነው፤ በጎኔ አልፎ ከድንጋዩ ንጣፍ ላይ በዳሌው አረፈ።

«አትንኪኝ» አለ። ቆይቶ «ወለምታ ነው» አለ።

«እግርህ ዞሯል አስረስ።»

«ወለምታ ነው አልኩሽ።»

አጎዛ አንጥፌ፣ እሱን ከአጎዛው ላይ አንከባልዬ፣ ክንድ በክንድ እየጎተትኩ ወደ ቤት አስገባሁት። ከደረጃው እስከ መኝታው ለሚራመድ ሰው አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ እኔ ጎትቼ ስጨርስ እኩለ ቀን ሆነ።

«ልውጣና ልጣራ» አልኩት።

«አትጮሂ። ሦስት ዓመት ምንም ሳንጠይቅ ኖረን፣ አሁን በኡኡታ እንጀምር? ነገ ፀሐይ ትወጣለች። ስልኩ ይሞላል። ለዳዊት እንደውላለን።»

አልጮህኩም። ጥፋቱን ለእሱ ብቻ አልሰጥም። በዕድሜዬ ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ሲከለክለኝ በልቤ ቀለለኝ። ያን ቀን ወንዙ ገና አልሞላም ነበር። ይህን ማንም አይነግረኝም፣ እኔው አውቀዋለሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ሐሙስ ጭኑ አብጦ ጠቁሮ ነበር፤ ገላው ይፈጃል። አሁን አላስፈቀድኩትም። በትሬን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ወንዙ ድንጋዮቹን ሁሉ ሸፍኖ ጭቃ እየመሰለ ይወርዳል። ከዳር ቆሜ ኡኡ አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጆሮ በደንብ አልደረሰም። ጉም ከገደሉ ወጥቶ መንደሩን ሸፍኖታል። እስከምችል ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወደ ላይ ሲዞሩ የግንድ ድልድይ አለ፤ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በእኔ ጉልበት ያን ዙሬ እስክደርስ ይመሻል፤ እሱ ደግሞ ብቻውን ውኃ እንኳ መቅዳት አይችልም። ተመለስኩ።

አርብ ጠዋት ጉሙ ሳይወጣ መንደሩ ጥርት ብሎ ታየ። ከየጣሪያው ጭስ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰዎቹ ዓይናቸው ከጭስ አይነሳም። ከዚህ ቤት ጭስ ቢያዩ አንድ ነገር እንደሆንን ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ።

በምን ላጭስ? እበቱ ሁሉ ጉድጓድ ገብቷል፤ እንደ ሰው ኩበት አልጋገርኩም። ውጭ ይዘንባል። ከማድ ቤቱ ወለል ላይ የላሞቹን ገለባ ከመርኩ፤ አግዳሚ ወንበራችንን በጥልቆ ፈልጬ ጨመርኩበት፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከላይ ጫንኩ። ጋዙም በብርዱ ደክሞ ነበልባሉ ጭል ጭል ይላል፤ ገለባውን የለኮስኩት በእሱ ነው። ጭሱ በጣሪያው ክፈፍ ወጣና ወደ ላይ ተነሳ። ሳል እየያዘኝ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ከማዶ ጥሩዬ ከቤቷ ብቅ አለች። እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ አየች። ወደ ቤት ተጣራች መሰለኝ፣ አያ ታከለም ወጡ። ሁለቱም ቆመው ወደ እኛ አዩ። ነጠላዬን አውልቄ አወዛወዝኩ። ጥሩዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ደግሜ አወዛወዝኩ፤ እሷም መልሳ አወዛወዘች። ከዚያ ተያይዘው ገቡ።

«አዩን» አልኩት አስረስን። «ነጠላዬን አየችው። ገመድና ሰው ሊይዙ ገቡ።»

ዓይኑን ገለጠ። «ይምጡ» አለ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከእሱ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወለሉን ጠረግሁ። ለሚመጡት ሰዎች ዱካ ደረደርኩ። ከንፈሩን በውኃ አራስኩለት። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ጉሙ ወጣ። እኩለ ቀን ሆነ። ጭሱ አንሷቸው ይሆናል ብዬ የመጻሕፍቱን ሳጥን ክዳን ጨመርኩ፣ ቀጥሎ ሳጥኑን ጨመርኩ። እስኪመሽ አነደድኩ። ማንም አልመጣም።

«ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ አስረስ።

ከንፈሩን ደግሜ አራስኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ጎደለ። ከበረቱ ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። የሰው ሳቅ ነው፣ ወደ እኛ የሚመጣ። ከደጃፍ ወጣሁ። አያ ታከለ ጆንያ ሙሉ ኩበት ተሸክመዋል። ጥሩዬ ዳቦ የሞላ እንቅብ በራሷ ላይ አድርጋለች።

«እንኳን ለምድጃ አበቃችሁ!» ብለው ጮኹ አያ ታከለ ከአጥሩ ሳይገቡ። «ጋዙ ከዳችሁ አይደል? ብያለሁ! የላም እበት ለምድጃ እንጂ ለቱቦ አልተፈጠረም!»

«ተው አንተ ሰውዬ፣ ያፍራሉ!» ትላለች ጥሩዬ፤ እሷም እየሳቀች። «እመይቴ፣ ትናንት ጭስዎን ባየው እልል ነው ያልኩ! ተመስገን፣ ሰው ሆኑልን አልኩ። በነጠላዎ ሲጠሩኝማ ወንዙን ዘልዬ ልመጣ ነበር። እስኪጎድል ዳቦ ልድፋላቸው ብዬ ነው።»

ፊቴን አየች። ሳቋ ቆመ።

«ምነው?»

«አስረስ ወድቋል።»

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

እንቅቡን ከራሷ አውርዳ ከጭቃው ላይ አስቀመጠችው። አያ ታከለ ኩበቱን ጥለው ወደ ውስጥ ገቡ። ብዙ አልቆዩም። ሲወጡ ወደ ጉብታው ሄዱና እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። ከማዶ መለሱላቸው። ከሌላ ጉብታም መለሱላቸው። ጥቂት ቆይቶ ወንዶች ከየአቅጣጫው ሲሮጡ አየሁ። ለጎረቤታቸው አንድ ጥሪ በቃ።

ቃሬዛው እስኪታሰር ከጥሩዬ ጋር ከደጃፍ ቆምን።

«ጭስ አወጣሁ እኮ» አልኳት።

«ጭስማ ደስ አለን እንጂ!» አለች። ታለቅስ ነበር። «ሰው የሚደነግጥ ጭስ ሲጠፋ ነው እመይቴ። ጭስ ሲወጣ ማን ይደነግጣል? የናንተ ቢጠፋም ደግሞ አትጠብቁ አላችሁን።»

አያ ታከለ ገመዱን እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ጭንቅ መሆኑን ብናውቅማ በላዩ ድልድይ ዞረን ትናንት እኩለ ቀን እዚህ ነበርን» አሉ። «ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ምን አላት!»

ቃሬዛው ሲነሳ ፀሐይ ወጣች። ከኋላችን ባዶው ቤት ውስጥ አምፖሉ በራ፤ ማጥፊያውን ማንም አልነካውም ነበር። መሙያው ላይ የሰካሁት ስልክም ሲከፈት የሚያሰማውን ዜማ አሰማ።

«ፀሐይ ወጣች?» አለ አስረስ።

«ወጣች።»

«ጠርጌዋለሁ እኮ» አለ።

መካነ ብርሃን አልደረሰም። ቁልቁለቱ አልቆ ተሸካሚዎች ሊቀያየሩ ቃሬዛውን ሲያወርዱት አልፎ ነበር። እዚያው አዙረው መለሱት። ቀብር በጋራ በሚያወጡበት ቅሬያቸው ውስጥ አልነበርንም፤ ቢሆንም ድንኳን ተከሉ፣ ቆፈሩ፣ ቀበሩ።

ይህን የምታነቡ፣ ከከተማ ወጥታችሁ እንዲህ ልትኖሩ የምታስቡ ትኖራላችሁ። ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች ጎንደር ላይ ይጠይቁኛል፤ ሶላሩ ስንት ቀን ያቆያል፣ ታንከሩ በጋውን ያዘልቃል ወይ ይላሉ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ሶላር ከጣሪያ ላይ አይሰቀልም፤ መጥረጊያ በሚደርስበት ከፍታ መሬት ላይ ይተከላል። ባዮጋዝ በደጋ ክረምት ይደክማል። ጋዝ ያለው ሰውም ጥግ ላይ ደረቅ ኩበት ያስቀምጣል። አንድ ስልክ ሁልጊዜ ተሞልቶና ተዘግቶ ይቀመጣል። እነዚህን ለመማር ሰው መሞት አልነበረበትም።

ሌላውን ሲጠይቁኝ አልሰማሁም። የሄዳችሁበት አገር ሰዎች አንዱ የሌላውን ደህንነት በምን እንደሚያውቁ ጠይቁ። በጭስ ይሁን፣ በውሻ ጩኸት ይሁን፣ በከብት መውጫ ሰዓት ይሁን፣ እሱን ሳታውቁ ጣሪያ አታልብሱ። አስረስ የማንንም ማብሪያ ማጥፊያ አልጠብቅም ብሎ ሄደ። እኛን የሚጠብቁንንም አብሮ አጠፋቸው። እኔ አብሬው ነበርኩ።

ጥሩዬን አልወቅሳትም። ነገር ግን እልል ያለችውን መርሳት አልቻልኩም፤ ረሳሁት ብዬ አልጽፍም።

አርባው እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ። በየጠዋቱ አያ ታከለ ባመጡት ኩበት እሳት አነድዳለሁ። የማበስለው ነገር ባይኖርም አነድዳለሁ። መስከረም ገብቶ ወንዙ ሲቀንስ አንድ ጠዋት ሳላነድድ ቀረሁ። ሆን ብዬ ነው። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ደጃፉን ሳትነካው ጥሩዬ ደረሰች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ጫማ አልነበራትም።

«እመይቴ! ምነው ጭስዎ?»

«አርፍጄ ነው» አልኳት።

«ተመስገን» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ አጠገቧ ቆምኩ። ይህ ነበር እንግዲህ። አትጠብቁ ባንላት ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ትመጣ ነበር።

ለዳዊት በዚያው ቀን ደውዬ ና ውሰደኝ አልኩት።

የወጣሁ ዕለት ላሞቹን ለአያ ታከለ ሰጠኋቸው። ሶላሩ ለቤተ ክርስቲያኑ እንዲሆን ነገርኩ፤ ቄስ ሞላ መረቁኝ። ደረጃውን ስወርድ ጥሩዬ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አልነቃነቅ አለች።

«እሳቱ አልጠፋም» አለች።

«ራሱ ይጠፋል።»

«እስኪጠፋ ይጨሳል እኮ እመይቴ። እኔ ደግሞ ከማዶ ሳየው አሁንም አሉ ብዬ...»

አልጨረሰችውም። ጀሪካኑን ይዤ ገባሁ፤ ውኃውን ሁሉ ከፍሙ ላይ አፈሰስኩ። የመጨረሻው ጭስ በክፈፉ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በትሬን አንስቼ፣ በጥሩዬ አጠገብ፣ በቄስ ሞላ አጠገብ፣ በአያ ታከለና በላሞቹ አጠገብ አልፌ ከአጥሩ ወጣሁ።